ላም አለኝ በሰማይ ወይስ ጀልባ አለኝ በውኃ?

መቼም የዚህ አምድ ልማድ ስለ አገር ጉዳይ መነጋገር ነው። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በየልባችን ይዘነው በአደባባይ የማናወራውን ነገር ላንሳ፤ ጡረታን። በሃምሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ የምንገኝ ስደተኞች እርጅናችንን የት ነው የምናሳልፈው? ጥያቄው በተነሳ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አገር ሲረጋጋ እንገባለን»። ይህን መልስ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰምቼዋለሁ፣ በ2005 ሰምቼዋለሁ፣ በ2018ም ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም እየሰማሁት ነው። ሻንጣውን ሳይፈታ ሠላሳ ዓመት የኖረ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም።

«ታዲያ አንተስ ምን አሰብክ?» ለምትሉኝ መልሴ ሳያስቃችሁ አይቀርም። ያረጁ ትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎችን በትርፍ ጊዜዬ እያደስኩ ነው፤ ጡረታዬ ሲደርስም ካደስኳቸው በአንዷ ላይ ለመኖር አስቤያለሁ። «የደጋ ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ወደዚያ እመለስበታለሁ። በመጀመሪያ ነገሩ ቅዠት እንዳልሆነ ላስረዳ።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖች፣ ከከተማው ወደ ምሥራቅ 30 ማይል ያህል ስትነዱ አናፖሊስን ታገኛላችሁ። ከፊቷ የተዘረጋው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ርዝመቱ 200 ማይል ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ብቻ ነው። በዳርቻው ካሉት የጀልባ ማደሻ ግቢዎች ወደ አንዱ ጎራ ብላችሁ ከኋላ ያለውን ጥግ ተመልከቱ። በብረት ድጋፍ ላይ የቆሙ፣ ከሥራቸው ሣር የበቀለባቸው፣ ሸራቸው የተበጣጠሰ ጀልባዎች ተደርድረው ታያላችሁ። አንዳንዶቹ ያገለገለች መኪና በምትሸጥበት ዋጋ፣ አንዳንዶቹም «ውሰዱልን ብቻ» ተብለው ይሰጣሉ።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቀደም ሲል ጀልባ የሚሠራው ከእንጨት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 ግን የፒርሰን ኩባንያ ትራይተን የምትባለውን፣ ትውልደ ስዊድኑ ካርል አልበርግ የነደፋትን፣ 28 ጫማ ርዝመት ያላትን የፋይበርግላስ ጀልባ በኒው ዮርክ የጀልባ ትርዒት ላይ አቀረበ። ከ700 በላይ ተሠርተው ተሸጡ። ሌሎች ኩባንያዎችም ተከተሉ። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፤ እንደ ብረት አይዝግም። ስለዚህ ከ50 እና ከ60 ዓመት በኋላም የጀልባዋ አካል ደህና ሆኖ ባለቤቷ ግን አርጅቷል ወይም አልፏል፤ ልጆቹም አይፈልጓትም። መጣሉ ራሱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ተቆራርጦ ወደ ቆሻሻ መድፊያ መወሰድ አለበት። የዋሽንግተን ግዛት የተተዉ ጀልባዎችን ከውኃ የሚያነሳ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2002 እስከማቋቋም ደርሷል። እንግዲህ ከእነዚህ ጀልባዎች አንዷን የሚረከብ ሰው ባለቤቱን ከሸክም ነው የሚገላግለው።

«ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው» ለሚሉ ወገኖች የአንድ ሥራ ፈት ሰው ታሪክ ልንገራቸው። ጆሹዋ ስሎከም በ1844 ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ የተወለደ የሸራ መርከብ ካፒቴን ነበር። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ሙያው ሞተበት። እ.ኤ.አ. በ1892፣ በ48 ዓመቱ፣ አንድ ወዳጁ በማሳቹሴትስ ፌርሄቨን ግጦሽ ሜዳ ላይ የተጣለች አሮጌ ጀልባ ሰጠው። ርዝመቷ 36 ጫማ ከ9 ኢንች ነበር። ዛፍ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ የበሰበሰውን እያወጣ አዲሱን እየተካ፣ ለራሱ ጉልበት 13 ወር፣ ለዕቃ ደግሞ 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም አወጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 24 ቀን 1895 ከቦስተን ሲነሳ 51 ዓመቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 27 ቀን 1898፣ 46,000 ማይል ያህል ተጉዞ ኒውፖርት ሲገባ ዓለምን በጀልባ ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ሙያው ከሞተበት፣ ዕድሜው ከገፋ፣ ኪሱም ከሳሳ ሰው የሚጠበቅ ነገር አልነበረም። እውነቱን ሁሉ ለመናገር ያህል፣ ከዓመታት በኋላ በዚያችው ጀልባ ወጥቶ እንደወጣ ቀርቷል። ባሕር ወዳጅ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በእነዚያ ግቢዎች ውስጥ ሣር በቅሎባቸው የቆሙትን ጀልባዎች ልብ ብላችሁ ብታዩ ብዙዎቹ ትልልቆች ናቸው። ባለቤቶቻቸው ሰነፎች አልነበሩም። «ጡረታ ስወጣ ዓለምን እዞርባታለሁ» ብለው 40 ጫማ ጀልባ ገዙ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠሩ፤ ዓመት አለፈ፤ ሌላ ዓመት አለፈ፤ ጉልበት ደከመ፤ ጀልባዋ ውኃ ሳትነካ ባለቤቷ አረፈ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ነገሩ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ቅርፃቸው አንድ ሆኖ ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ጀልባ ክብደቱ እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ነው። ሸራው፣ መልሕቁ፣ ገመዱ፣ ቀለሙ፣ ሁሉም በዚያው ልክ ይከብዳል። የማሪና ኪራይም የሚቆጠረው በጫማ ነው።

በተቃራኒው ትንሽ ጀልባ ምን ያህል እንደምትሄድ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ሊን እና ላሪ ፓርዲ የተባሉ ባልና ሚስት በገዛ እጃቸው ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1968 ካሊፎርኒያ ውስጥ ውኃ ላይ ያወረዷት ሴራፊን ከ25 ጫማ ያነሰች፣ ሞተር እንኳ የሌላት ጀልባ ነበረች፤ ዓለምን ዞሩባት። ታኒያ ኤቢ የተባለች ወጣት ደግሞ በ1985 ከኒው ዮርክ ተነስታ በ26 ጫማ ጀልባ ዓለምን ዞራ በ1987 ተመልሳለች። እኛ ዓለምን እንዙር አላልኩም። በቼሳፒክ ዙሪያ በጋውን መክረም፣ በልግ ሲገባ ከኖርፎክ ጀምሮ በውስጥ ለውስጥ የውኃ መንገድ ወደ ፍሎሪዳ መውረድ፣ ክረምቱን እዚያ አሳልፎ መመለስ በየዓመቱ ብዙ ጡረተኞች የሚያደርጉት ነገር ነው። የሚጠነቀቁት ከሰኔ 1 እስከ ኅዳር 30 ያለውን የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው።

እስቲ ስለ እድሳቱ ጥቂት ልበል። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። አንደኛ፣ ውኃ እንዳይገባ የሚያደርገው። ከጀልባዋ ሥር ያሉት ቧንቧዎችና መዝጊያዎቻቸው፣ እንዲሁም ከሥር የተንጠለጠለውን ከባድ ሚዛን የያዙት ብሎኖች ይፈተሻሉ። ሁለተኛ፣ ምሰሶውን የሚያቆመው። ምሰሶውን ግራና ቀኝ የወጠሩት የሽቦ ገመዶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ውስጥ እንዲለወጡ ይመከራል። ከውጭ ሲታዩ እያብረቀረቁ ከውስጥ ሊበጠሱ ይችላሉና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የላይኛው ወለል። ፋይበርግላስ አይበሰብስም ብያለሁ፤ ነገር ግን በሁለት ፋይበርግላስ መካከል ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት ስላለ፣ በብሎን ቀዳዳ ውኃ ከሰረገ ያ እንጨት ይበሰብሳል። በትንሽ መዶሻ እያንኳኳችሁ ስትሄዱ ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው እንደ ባዶ ቅል ይደነቁራል። እሱን ከፍቶ፣ አውጥቶ፣ አድርቆ፣ በአዲስ እንጨትና በኢፖክሲ መተካት ነው። አራተኛ መሪውና ሞተሩ፤ አምስተኛ መብራቱ፣ ጓዳው፣ መኝታው። ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም መጨረሻ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ስጽፍ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በስደት ዘመናችን ያቋቋምናቸውን ማኅበራትና ግንባሮች አስታውሱ። ስንቶቹን ከቀለም ነው የጀመርናቸው? ስም ወጣ፣ ዓርማ ተሠራ፣ ሊቀ መንበር ተመረጠ፣ መግለጫ ተበተነ፤ ከሥር ውኃ የሚያስገባውን ቀዳዳ ያየ ግን አልነበረም። መጀመሪያው ማዕበል ሲመጣ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። አስተያየቱን ለአንባቢ ትቼ ወደ ጀልባዬ ልመለስ።

ስለ ገንዘቡ በግልጽ መነጋገር ይገባናል። የጀልባዋ መግዣ ከወጪው ሁሉ ትንሹ ነው። አዲስ ሸራ፣ የሽቦ ገመዶቹ፣ ሞተሩ፤ እያንዳንዳቸው ጀልባዋ ከተገዛችበት ሊበልጡ ይችላሉ። አሮጌ ጀልባ ለመድን ስታቀርቡ የባለሙያ ምርመራ ትጠየቃላችሁ። ማሪናዎች ሁሉ በጀልባ ላይ መኖርን አይፈቅዱም። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዘ ዋርፍ በሚባለው ሰፈር በጀልባቸው ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ ሆኖም ቦታው ውስን ነው። በገቢ በኩል፣ አሜሪካ ውስጥ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ 10 ዓመት የሠሩበትን ማስመዝገብ ያስፈልጋል። ከ1960 ወዲህ ለተወለደ ሰው ሙሉ ጡረታው በ67 ዓመት ሲሆን በ62 የሚጀምር 30 በመቶ ይቀነስበታል። ሜዲኬር በ65 ይጀምራል፤ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና ግን በአብዛኛው አይከፍልም። ኤስኤስአይ የሚቀበል ሰውማ 30 ቀን ሙሉ ከአገር ውጭ ከቆየ ይቋረጥበታል። «አገር ገብቼ እኖራለሁ» የሚለውም ሰው ይህንኑ ሂሳብ መሥራት አለበት፤ ያለ ሂሳብ የተነገረ ዕቅድ ምኞት ነው።

ባለቤቴ ነገሩን ስትሰማ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ባሕሩን አልጠላሁም፤ ግን ቡናዬን የት ነው የማፈላው?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ወገኖቼ፣ በጀልባ ጓዳ ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አይያያዝም። በተዘጋ ቦታ የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ሳያስነጥስ ይገድላል። ፕሮፔን ጋዝም ቢሆን ከአየር ስለሚከብድ ካፈተለከ ወደ ታች ወርዶ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዲት የእሳት ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ጠርሙሱ ወደ ውጭ አየር በሚወጣበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ምድጃውም ጀልባዋ ስታዘነብል እንዳያዘነብል ሆኖ ይንጠለጠላል። ረከቦቱ ከላይ፣ ነፋሻው ወለል ላይ፣ መልሕቅ ተጥሎ ውኃው በረጋበት ሰዓት ይዘረጋል። ባለቤቴ «እናያለን» ብላለች። እኛ ቤት ይህ ተስፋ ሰጪ መልስ ነው።

ወደ ደጋው ሰው ልመለስ። እኛ ለውኃ እንግዳ ሕዝብ ነን የሚለው እውነት አይደለም። የጣና ሰው ከደንገል ታንኳ እያሰረ፣ ሲርስበት ዳር አውጥቶ እያደረቀ፣ ሲያልቅም ሌላ እያሰረ ኖሯል። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 አትላንቲክን ሊያቋርጥባት ያሠራት ራ የምትባለው ጀልባ ደንገሏ የታጨደው ከጣና ነው። ያች ጀልባ መንገድ ላይ ፈርሳለች፤ በማግሥቱ ዓመት ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይኸው ሰው ቲግሪስ የተባለችውን ሌላዋን የሸምበቆ ጀልባ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 3 ቀን 1978 ጂቡቲ ላይ ሆን ብሎ አቃጥሏታል፤ በቀይ ባሕርና በአፍሪካ ቀንድ ዙሪያ ይካሄድ የነበረውን ጦርነት ለመቃወም። በ1955 የተቋቋመው የባሕር ኃይላችንም መርከቦቹ በ1991 ቀይ ባሕርን ተሻግረው የመን ገቡ፤ ባሕረኞቹም ተበተኑ። ኤርትራ በ1993 ነፃነቷን ስታውጅ ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ከእነዚያ መርከበኞች አንዳንዶቹ ዛሬ በየስደት አገሩ ታክሲ ነድተው፣ መኪና ማቆሚያ ጠብቀው አርጅተዋል። ገመድ መቋጠርና ነፋስ ማንበብ የሚያውቁ እጆች ናቸው። በየከተማችሁ ካሉ ፈልጓቸው፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ ያስተምራሉ።

አንዳንድ ወገኖች «ይህ ከትግሉ መሸሽ ነው» ሊሉኝ ይችላሉ። አይደለም። አገሩን የሚወድ ሰው በጀልባ ላይ ሆኖም ይጽፋል፣ ያዋጣል፣ ይሰለፋል። እኔ የምቃወመው ዕድሜ ልካችንን «ያ ሲሆን» እያልን በብረት ድጋፍ ላይ መቆማችንን ነው። የሚሆነው ሳይሆን የቀረ እንደሆነስ? በስደት የሞቱትን ወዳጆቻችንን ቀብር ላይ ቆመን የሰማነው የሕይወት ታሪክ ስንት ጊዜ «ሊገባ እየተዘጋጀ ሳለ» በሚል አልቋል?

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ጀልባም ይሁን፣ የአትክልት ቦታም ይሁን፣ አገር ቤት የሚሠራ ሁለት ክፍል ቤትም ይሁን፣ ጉልበታችሁ ሳያልቅ የምትጨርሱትን መጠን ምረጡ። ጀልባ ለምትመርጡ ደግሞ ከ24 እስከ 28 ጫማ ያለችውን ውሰዱ፤ መዶሻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሥር ጀምሩ፤ በሁለት በጋ ውስጥ ውኃ ላይ አውርዷት። የእኔዋ ወለሏ ተጠግኗል፤ የሽቦ ገመዶቿም ተለውጠዋል። የቀረው መሪዋ ነው።

ቸር ይግጠመን።