ሥልጠናው ወደ መምህሩ ይሂድ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ርዕሳነ መምህራን የተማሪዎቻቸውን የአእምሮ ጤና መደገፍ የሚያስችላቸውን ሥልጠና ባሉበት ሆነው ሊያገኙ ይገባል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጅሌ ጥሙጋንና አጣዬን ያመሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከሚሴ ድረስ የዘለቀው ጦርነት ያለፈባቸው ልጆች ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጠዋል። በር ሲንኳኳ የሚደነግጠው ወይም ድንገት ዝምተኛ የሆነው ልጅ ብዙ ጊዜ «ሰነፍ» ተብሎ ይታለፋል። ለውጡን ከወላጅ ቀጥሎ የሚያየው መምህሩ ነው። ከእሱ የሚጠበቀው ሕክምና መስጠት አይደለም፤ ማስተዋል፣ በትዕግሥት ማዳመጥ፣ ልጁ የደረሰበትን እንዲተርክ አለማስገደድ፣ ከአቅም በላይ የሆነውንም ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው።

ለዚህ ሥልጠና ግን ከደዌ ሐረዋና ከአርጡማ ፉርሲ ወረዳዎች መምህራንን ለቀናት ወደ ከሚሴ መሰብሰብ ክፍሎችን ያለ አስተማሪ ያስቀራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቀበሌ የቪዲዮ ስብሰባ መጥራትም ለሪፖርት እንጂ ለመምህሩ አይጠቅምም። የተሻለ መንገድ አለ፦ ትምህርት በሬዲዮ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ በስልክ ሜሞሪ የሚጫን የድምፅ ትምህርትም ያለ ኢንተርኔት ይደመጣል። ቋንቋው ግን ልጆቹ የሚማሩበትና ሐዘናቸውን የሚናገሩበት አፋን ኦሮሞ መሆን አለበት።

የክልሉ ትምህርት ቢሮና ጤና ቢሮ ይህን ሥልጠና በጋራ አዘጋጅተው፣ በየወረዳው በስልክ የሚያማክር ባለሙያ መድበው እንዲጀምሩ እንጠይቃለን። ክትትል የሌለው፣ የምስክር ወረቀት ብቻ የሚያድል ሥልጠና ከሆነ ግን ባይጀመር ይሻላል።