ተተኪ ወይስ ግልባጭ?

ይህን ጽሑፍ የምጀምረው ራሴ ባጠፋሁት ጥፋት ነው።

ባለፈው ዓመት ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት በትውልድ አካባቢዬ በይፋግ ነበር። ይፋግን ለማታውቁ፣ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመን ሲኬድ መሐል ላይ የምትገኝ፣ አብዛኛው ሰው በመኪና መስኮት አይቶ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። በድሮ ጊዜ የሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ስመ ጥር ገበያ እንደነበረች ብዙዎቻችን ዘንግተናል። ለማንኛውም እዚያ ስምንተኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ከገጠር በእግሩ ነው የሚመላለሰው፤ ከሚራመድበት ጊዜ ይልቅ የሚሮጥበት ይበዛል። በመጀመሪያው የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አሥር ዙር አዘዝኩ። ሌሎቹ አራተኛው ዙር ላይ ወገባቸውን ይዘው ቁጭ ቁጭ አሉ። እሱ አሥሩንም ጨርሶ «ይበቃል እንዴ?» በሚል ዓይን አየኝ።

እኔም ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ በተማሪው ሁሉ ፊት «አገኘነው! ሁለተኛው ቀነኒሳ!» ብዬ ጮህኩ። ስሙ በዚያው ተጣበቀበት። ልጆቹ ቀነኒሳ፣ መምህራኑም ቀነኒሳ ይሉት ጀመር። እኔ ደግሞ ትልቅ ውለታ የዋልኩለት መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የወረዳ ውድድር መጣ። 3 ሺ ሜትር ሮጦ ስድስተኛ ወጣ። ልብ በሉ፤ በሕይወቱ የመጀመሪያ ውድድሩ ነው፣ ልምምድ የጀመረው ሁለት ወር ሳይሞላው ነው፣ ጫማውም የተዋሰው ነው። በማናቸውም የስልጠና መመዘኛ ስድስተኛ መውጣቱ እሰየው የሚያሰኝ ነበር። ለቀነኒሳ ግን ስድስተኛ ውርደት ነው! ሰኞ ትምህርት ቤት ሲመጣ «ቀነኒሳ ስድስተኛ! ቀነኒሳ ስድስተኛ!» ብለው ሳቁበት። በማግስቱ ከልምምድ ቀረ፤ በሳምንቱም ቀረ። ጠርቼ ብጠይቀው መሬት መሬቱን እያየ «ቲቸር፣ እኔ እኮ የራሴ ስም አለኝ» አለኝ። ጭጭ አልኩ። ምን ይባላል?

ውድ አንባብያን፣ እኔ በአንድ ልጅ ላይ የሠራሁትን ነገር አገሪቱ በአንድ ትውልድ ላይ እየሠራችው እንደሆነ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

መስከረም 2018 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ቡድናችን ያለ አንድ ወርቅ ሲመለስ ያልተባለ ነገር አልነበረም። የእኛው በሚመስለን በወንዶች 10 ሺ ሜትር ወርቁን ፈረንሳዊው ጂሚ ግሬሲዬ ወሰደና ዮሚፍ ቀጄልቻ ሁለተኛ ሆነ። በእኛ ዲፓርትመንት ደጃፍ ባለው ሻይ ቤት ሳይቀር «ተተኪ ጠፋ»፣ «እነ ኃይሌ የሮጡበት ልብ የለም»፣ «የዛሬ ልጅ ገንዘብ እንጂ ባንዲራ አያውቅም» ሲባል ሰንብቷል። ይህን ሲሉ ከነበሩት አንዱ እኔ ነኝ።

ቁጥሩን መካድ አይቻልም። በኦሊምፒክ ሲድኒ ላይ 4 ወርቅ፣ ቤጂንግ ላይ 4፣ ለንደን ላይ 3 አገኘን። ከዚያ በኋላ ሪዮ 1፣ ቶኪዮ 1፣ ፓሪስም 1 ነው። እነ ደራርቱ፣ ኃይሌ፣ ቀነኒሳ፣ ስለሺ፣ ጥሩነሽና መሠረት የነበሩበት «አረንጓዴው ጎርፍ» ያለፈ ታሪክ ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. ሄልሲንኪ ላይ በሴቶች 5 ሺ ሜትር ጥሩነሽ፣ መሠረት፣ እጅጋየሁና መሰለች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ተከታትለው ገቡ። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቶ ያደገ ሕዝብ በአንድ ብር እንዴት ይጽናና? ቁጭቱ ይገባኛል። የማይገባኝ ከቁጭቱ የምናወጣው ፍርድ ነው።

እስቲ ወደ መነሻው እንመለስ። የጀግኖቻችን ሁሉ አባት የምንለው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም የሄደው እንዴት ነበር? እንደሚተረከው በቡድኑ ውስጥ ቦታው የዋሚ ቢራቱ ነበር፤ ዋሚ መሮጥ ሳይችል ሲቀር አበበ በምትኩ ገባ። በባዶ እግሩ ሮጦ ያደረገውን ዓለም ያውቀዋል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ አበበ እግሩን ታሞ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ውድድሩን ማን ጨረሰው? የ36 ዓመቱ ማሞ ወልዴ። ከአበበ ጋር ሲሰለጥን የኖረው ማሞ ወርቁን አመጣ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ማራቶን ታሪክ ከመሠረቱ የተተኪዎች ታሪክ ነው ማለት ነው። አንዳቸውም ግን ግልባጭ አልነበሩም። ማሞ «ሁለተኛው አበበ» ሆኖ ሳይሆን ማሞ ሆኖ ነው ያሸነፈው።

ክፍተትም ቢሆን ዛሬ የመጣ አይደለም። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ድርብ ወርቅ ካገኘ በኋላ ሎስ አንጀለስና ሴኡል ላይ አገራችን በፖለቲካ ምክንያት አልተሳተፈችም። ቀጣዩ የኦሊምፒክ ወርቅ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ያመጣችው የ1984ቱ ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ!

ታዲያ ያ ወርቃማ ትውልድ እንዴት ተተካካ? በእኔ እይታ ቁልፉ አንድ ነው፤ ታላቅና ታናሽ በአንድ ሜዳ ላይ አብረው መሮጣቸው። በ1995 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በ10 ሺ ሜትር ቀነኒሳ አንደኛ፣ ኃይሌ ሁለተኛ፣ ስለሺ ሦስተኛ ሆኑ። ታላቁ በታናሹ ተሸንፎ እዚያው መም ላይ አቀፈው። በዓመቱ አቴንስ ላይ ኃይሌ ተጎድቶ ሮጠ፤ ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ዞር ዞር እያሉ ሲያዩትና ሊጠብቁት ሲሞክሩ የተመለከተ ሰው አይረሳውም። አልሆነም፤ እነሱ ወርቅና ብር ይዘው ኃይሌ አምስተኛ ገባ። በሴቶቹም ውድድር ደራርቱ ከእጅጋየሁ ኋላ ሦስተኛ ወጥታ ነሐስ ወሰደች። እንግዲህ መተካካት ማለት ይህ ነው። ዱላው ከእጅ ወደ እጅ ነው የሄደው እንጂ መሬት ላይ ወድቆ የተነሳ አይደለም።

የዛሬዎቹ ልጆች ግን ይህን ዕድል እምብዛም አላገኙም። በመም ላይ 10 ሺ ሜትር የሚሮጥበት ውድድር በዓመት በጣት የሚቆጠር ሆኗል። ገንዘቡ ያለው ጎዳና ላይ ስለሆነ ታላላቆቹ ወደ ማራቶን ሄዱ፤ ታናናሾቹም ገና በሃያ ዓመታቸው ይከተሏቸዋል። እያንዳንዱ የራሱ ማኔጀር፣ የራሱ ቡድን አለው። ተቀናቃኙም በዝቷል። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የቆዩትን የቀነኒሳን የ5 ሺ እና የ10 ሺ ሜትር ክብረ ወሰኖች በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የሰበራቸው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው። ፓሪስ ላይ በሴቶች ማራቶን ትግስት አሰፋን ቀድማ ወርቁን የወሰደችው አዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሀሰን ናት።

በዚህ ሁሉ መሐል ልጆቹ ምንም አልሠሩም? መስከረም 2016 ዓ.ም. ጉዳፍ ፀጋይ 5 ሺ ሜትርን በ14:00.21፣ በሳምንቱ ትግስት አሰፋ የበርሊን ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሰው ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ሰበሩ። ለተሰንበት ግደይ በ2014 ዓ.ም. ግማሽ ማራቶንን በ1:02:52 ስትሮጥ ከ1:03 በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሰለሞን ባረጋ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ቼፕቴጌን አስከትሎ የ10 ሺ ሜትር ወርቅ ወስዷል። እነዚህን «ተተኪ አይደሉም» ካልን የምንፈልገው ተተኪ ሳይሆን ግልባጭ ነው። ሙታንንና ጡረተኞችን አስነስተን መልሰን ማየት ነው ያማረን።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ስነግረው ተቃወመኝ። «ትልቅ ስም ያነሳሳል እንጂ አይጎዳም። ኃይሌ ራሱ ልጅ እያለ የምሩፅን ድል በሬዲዮ ሰምቶ አይደል እንዴ ሯጭ ልሁን ያለው?» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን ልዩነት አለው። ምሩፅን የመረጠው ኃይሌ ራሱ ነው፤ ማንም ስሙን ግንባሩ ላይ አልለጠፈበትም። አርአያ ከፊትህ የሚሄድ ሰው ነው። እኔ ለይፋጉ ልጅ የሰጠሁት ግን ጀርባው ላይ የሚጫን ሸክም ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ደብረ ታቦርና በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም 2,700 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ ናቸው። ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ሆኖ አናታችን ላይ ቆሟል። አየሩ አለን፣ ዳገቱ አለን፣ ሮጦ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅም አለን። በቆጂ ያላት እኛ የሌለን ምንድን ነው? በዋናነት አንድ ሰው ነው፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር የነበሩት አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በእሳቸው እጅ አልፈዋል። እንደ እኛ ፊሽካ አንጠልጥለው ነው የጀመሩት። ልብ በሉ፣ እሳቸው ደራርቱን ሲያሰለጥኑ ደራርቱ ገና «ደራርቱ» አልነበረችም፤ አንዲት ተማሪ ናት።

ይህ ዲፓርትመንት የሚያስመርቀው ማንን ነው? የስፖርት መምህር ነው። እኛ ግን ተመርቀን ስንወጣ የስፖርት ክፍለ ጊዜያችን ለሒሳብ ማካካሻ ሲወሰድ «ይሁን» እንላለን፤ ኳስ ወርውረንላቸው ጥላ ሥር እንቀመጣለን። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በግጭቱ ሳቢያ ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስንቱ ልጅ ከሜዳም ከክፍልም እንደራቀ ሁላችንም እናውቃለን። ያንን እኔና እናንተ መፍታት አንችልም። በተከፈተው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለችውን አርባ ደቂቃ ግን እኛ ነን የምናውቃት። «ተተኪ ጠፋ» ብሎ ማልቀስ ከቴሌቪዥን ፊት የሚቻል ነገር ነው፤ ተተኪ የሚበቅለው ግን በዚያች አርባ ደቂቃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ሐሳብ ላቅርብ። አንደኛ፣ ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሯጭ ልጅ የሰዓት ደብተር እንያዝለት፤ ልጁ የዛሬውን ሰዓት ከራሱ የትናንት ሰዓት ጋር ያወዳድር እንጂ ከቀነኒሳ ጋር አይደለም። ሁለተኛ፣ በየወረዳው በክለብና በዞን ደረጃ ሮጠው ያቆሙ ሰዎች አሉ። ሜዳ ጠርተን ከልጆቹ ጋር አብረው እንዲሮጡ እናድርግ፤ ንግግር ሳይሆን ሩጫ! ሦስተኛ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹን ጥለን አንጥፋ። ዲፓርትመንቱ በየዓመቱ የሚመደቡትን ተማሪዎች ወደዚያው ትምህርት ቤት ቢልክ ደብተሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መምህሮቻችን ይህን እንዲያስቡበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ የኦሊምፒክ ማራቶንን በ2:06:26 በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ በመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ስሙ አልነበረም። ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ነው ቦታውን ለእሱ የለቀቀለት። በዚያው ውድድር የ42 ዓመቱ ቀነኒሳ በቀለም ሮጦ 39ኛ ገብቷል። እኔ ይህን ውጤት እንደ ውድቀት አላየሁትም። ታላቁ 39ኛ ሆኖም ጨረሰ፤ ተጠባባቂው ደግሞ ወርቁን ይዞ ገባ። የሮሙ ታሪክ ከስድሳ አራት ዓመት በኋላ እንደገና ሲሆን አየን፤ እኛ ግን አሁንም «ተተኪ የለም» እንላለን።

ለእረፍት ቤተሰብ ዘንድ ስሄድ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ አይቶ ስለማያውቅ ግራ ገባው። የወረዳውን ሰዓቱን አናቱ ላይ የጻፍኩበት አንድ ደብተር ሰጠሁት፤ ሽፋኑ ላይ ያለው የራሱ ስም ነው። ወደ አዲስ ዘመን በሚወስደው መንገድ ዳር ጠዋት አብረን ሮጥን፤ ከሦስተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጥሎኝ ሄደ። ደርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ቲቸር፣ ስንት ደቂቃ ሆነ?»