በአንጎል ደም ስር መፈንዳት ለሚጠቁ ጽኑ ሕሙማን የተገኘው ተስፋና የጀውሃ መንገድ

በአንጎል ደም ስር ላይ የሚፈጠር አኑሪዝም የተባለ እብጠት ከ100 አዋቂዎች በ3ቱ ገደማ እንደሚገኝ ይገመታል። በአብዛኛዎቹ ሳይፈነዳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። የፈነዳ እንደሆነ ግን ደም በአንጎል ዙሪያ ይፈስሳል፤ ታማሚውም በድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ይመታል፣ ያስመልሰዋል፣ አልፎ አልፎም ራሱን ይስታል።

ቀደም ሲል ዋናው ሕክምና የራስ ቅልን ከፍቶ የእብጠቱን አንገት በብረት ክሊፕ መቆንጠጥ ነበር። እ.ኤ.አ ከ1990 ወዲህ ጣሊያናዊው ሐኪም ጉዊዶ ጉግሊየልሚ ባስተዋወቁት ዘዴ፣ በብሽሽት ደም ስር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እብጠቱን ከውስጥ በፕላቲነም ሽቦ ጥቅልል መሙላት ተችሏል። እ.ኤ.አ በ2002 ውጤቱ ይፋ የሆነውና 2 ሺህ 143 ታማሚዎችን ያካተተው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ የሞቱ ወይም የሰው ጥገኛ የሆኑ ታማሚዎች ድርሻ በቀዶ ሕክምና 30 ነጥብ 6 በመቶ፣ በአዲሱ ዘዴ 23 ነጥብ 7 በመቶ መሆኑን አመልክቷል።

ይሁንና በጥናቱ የተካተቱት አብዛኞቹ ሲታከሙ በደህና ሁኔታ ላይ የነበሩ ናቸው። ራሳቸውን ስተው የሚመጡት፣ ማለትም በ5ቱ የሕመም ደረጃዎች 4ኛና 5ኛ ላይ የሚመደቡት፣ ለረጅም ጊዜ ተስፋ የሌላቸው ተደርገው ይታዩ ነበር። ያበጠን አንጎል ገልጦ መሥራት አደገኛ በመሆኑ፣ ሳይከፈት የሚሰጠው ሕክምና ለእነዚህ ሕሙማን በር ከፍቷል። በአንጎል ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ በቱቦ ሲወጣላቸው የሚነቁም አሉ። ስለሆነም ታማሚው ሲደርስ የታየበት ሁኔታ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም። በአንጻሩ ትልቅ የረጋ ደም ካለ ቀዶ ሕክምናው አሁንም አስፈላጊ ነው።

በኢትዮጵያ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ በ2006 ተጀምሯል። ከዚያ በፊት የሙያው ባለቤቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሽቦ ጥቅልሉ ሕክምና ግን የደም ስር መመርመሪያ ኤክስሬይ፣ የሠለጠነ ቡድንና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ አላቂ ዕቃዎችን ስለሚጠይቅ በየሆስፒታሉ ሊዳረስ አይችልም፤ ሊዳረስም አይገባም።

ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን፣ በደሴ አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘውን ጀውሃን እንውሰድ። ከዚያ የተነሣ ታማሚ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝና ከይፋት ቆላ ከ3 ሺህ ሜትር ወደሚበልጠው የጣርማበር ከፍታ መውጣት ግድ ይለዋል። በግጭት ሳቢያ መንገዱ የተዘጋባቸው ጊዜያትም ነበሩ። የፈነዳው እብጠት ዳግም የመድማት አደጋው ከፍተኛ የሚሆነው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው።

ከመንገዱ ርዝመት ባልተናነሰ የሚያሳስበው የመጀመሪያው ምርመራ ነው። ወባ በሚበዛበት ቆላ ራስ ምታትና ማስመለስ ወዲያውኑ የወባ ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የሚለየው የአጀማመሩ ፍጥነት ነው፤ ሕመሙ በቅጽበት ወይም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከጫፍ ይደርሳል። ሲቲ ስካን የፈሰሰውን ደም በእጅጉ አስተማማኝ በሆነ መንገድ የሚያሳየው ሕመሙ በጀመረ በ6 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ምስሉ ንጹሕ ቢመስልም ከጀርባ አጥንት ፈሳሽ ተወስዶ መታየት ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ ራስ ምታቱ የጀመረበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ተቀባዩ ሐኪም ያንን ንጹሕ ምስል ምን ያህል ሊያምነው እንደሚገባ መወሰን ይቸግረዋል።