«እብድ ነው» ስለሚባለው ቃል

የሰውን ጆሮ ከሁሉ ይልቅ የሚዘጋ ቃል የትኛው ነው ብትሉኝ፥ «እብድ ነው» የሚለው ነው ብዬ እመልስላችኋለሁ። የተሰደበ ሰው መልስ ይሰጣል፤ ሐሰተኛ የተባለም ምስክር ቆጥሮ ይከራከራል። እብድ የተባለ ሰው ግን በምን አፉ ይከራከር? አልቅሶ ቢናገር «ተነሣበት» ይሉታል፤ ቢቆጣ «ያዙት» ይሉታል፤ ዝም ቢል ደግሞ «አሁንስ ተሻለው» ብለው ይተዉታል።

ይህን ያለ ምክንያት አልጽፍም። አንድ ቀን የአንድራሽ ቶማን ታሪክ ለአንድ ወጣት አጫውቼው ሳበቃ፥ «ጋሼ፥ ይህማ የሩሲያኖች ጭካኔ ነው፤ እኛን ምን ይመለከተናል?» አለኝ። ያን ዕለት በቅጡ ሳልመልስለት ተለያየን፤ ዛሬ እመልሳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቶማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1925 የተወለደ የሀንጋሪ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ ወታደር ሆኖ ተሰለፈና በሶቪየት ጦር ተማረከ። በ1947 በጥር ወር ከምርኮኞች ሰፈር አውጥተው፥ ከሞስኮ በስተምሥራቅ በምትገኘው በኮቴልኒች ከተማ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገቡት። ወደ ሆስፒታል የተላለፈ ምርኮኛ ስሙ ከምርኮኞች መዝገብ ይሰረዝ ነበርና፥ ጓደኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሱን የጠራው አልነበረም። በአገሩም በ1954 ሞቷል ተብሎ ተቆረጠ። እንግዲህ ልብ በሉ! በአንደኛው አገር መዝገብ ምርኮኛ አይደለም፤ በሌላው አገር መዝገብ ሕያው አይደለም፤ ሰውዬው ግን በሁለቱ መዝገቦች መካከል ይበላና ይጠጣ፥ ይተኛና ይነሣ ነበር።

ሀንጋሪኛ ከሩሲያኛ ጋር ዝምድና የለውም፤ የሩቅ ዘመዶቹ ፊንላንድኛና ኤስቶኒያኛ ናቸው። ቶማ ሩሲያኛ አልተማረም፤ በዙሪያው የነበሩትም ሀንጋሪኛ አያውቁም። ስለዚህ የእናቱን ቋንቋ አፉን ሞልቶ ሲናገር፥ ሰሚዎቹ የእብድ ልፍለፋ መሰላቸው። ይህ የአንድ ወር ነገር አይደለም፤ 53 ዓመት ነው! ቋንቋውን ለይቶ «ይህ ሰው እኮ ሀንጋሪኛ ነው የሚናገረው» የሚል የተገኘው በ2000 ነው። በዚያው ዓመት በነሐሴ 11 ቀን፥ አንድ እግሩ ተቆርጦ፥ በ74 ዓመቱ አገሩ ገባ። የቤተ ሰቡን ማንነት በዲ ኤን ኤ ምርመራ አረጋግጠው ከእኅቱ ቤት አኖሩት። መንግሥቱም አገልግሎቱ እንዳልተቋረጠ ቆጥሮ ማዕረግ ጨመረለት፤ የተጠራቀመ ደመወዙንም ሰጠው። በ2004 ሞተ። ደመወዝስ ይጠራቀማል፤ ያልተጫወቱት ጨዋታ ግን የት ተቀምጦ ይቆያል?

አሁን ወደ ወጣቱ ነገር ልመለስ። ጭካኔ ነው አለኝ። እኔ ግን አይደለም እላለሁ፤ ጭካኔ ቢሆን ኖሮ በቀለለኝ ነበር። ጨካኝ ሰው የማያውቁትን ባዕድ ለ53 ዓመት ያበላል ወይ? ያለብሳል ወይ? እነዚያ አስታማሚዎች እንደ እኔና እንደ እናንተ ጠዋት ሥራ የሚገቡ፥ ማታ ልጆቻቸውን የሚስሙ ሰዎች ነበሩ። የጎደላቸው አንዲት ጥያቄ ናት፤ «ይህ ልፍለፋ የምንለው ነገር ቋንቋ ይሆን?» ይህችን ለመጠየቅ ገንዘብም መድኃኒትም አያስፈልግም ነበር።

«በእውነት ታሞ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ታሞም ይሆናል፤ እኔ ሐኪም አይደለሁምና በዚህ አልከራከርም። ዳሩ ግን የታመመ ሰው የሚናገረው ሁሉ ሕመም ነው ያለን ማን ነው? አእምሮው የታመመ ሰው ጥርሱን አያመውምን? አይርበውምን? ሲነጥቁትስ አይነጠቅምን?

እኛን የሚመለከተንም በዚህ ነው። በአገራችን ከሰማንያ የሚበልጥ ቋንቋ ይነገራል። ከጠረፍ የመጣ አንድ ዘላን ከከተማ መንገድ ላይ ታሞ ቢወድቅና ዘመድ ሳይከተለው ሆስፒታል ቢያስገቡት፥ ቋንቋውን ለይቶ አስተርጓሚ የሚፈልግለት ማን ነው? ይህስ ይሁን፤ ቋንቋችንን የሚናገረውን፥ ስሙንና አገሩን የምናውቀውን ዘመዳችንንስ ምን አደረግነው? በልቡ ወይም በኩላሊቱ የታመመ ሲተኛ ብርቱካን ይዘን እንጎርፋለን፤ በአእምሮው የታመመውን ግን ጠበልም ሆስፒታልም እናደርስና «እዚያ ይሻለዋል» ብለን እንመለሳለን። ጎረቤት ሲጠይቀን ክፍለ ሀገር ሄዷል እንላለን። ለሞተ ዘመድ ሦስት ቀን ድንኳን ተክለን የምንቀመጥ ሰዎች፥ ሕያው የሆነውን ለማየት አንዲት እሑድ እናጣለን!

ይህን ስናገር ከደጅ ቆሜ እንደምሰድብ አታስቡብኝ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ ጓደኛ አለኝ። በአዳሪ ቤቱ አልጋችን ጎን ለጎን ነበር፤ ሒሳብ ያስጠናኝ እሱ ነው። በሽተኛን መጠየቅ ግዴታ መሆኑንም በዚያው ቤት አብረን አጥንተን ጥሩ ማርክ አግኝተንበታል። ኋላ እኔ መምህር ስሆን እሱ መሥሪያ ቤት ገባ፤ ከዚያም ታመመ። የተኛበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

መጀመሪያ የጠየቅሁት በነሐሴ ነበር። ገና እንደ ተቀመጥን፥ «ጫማዬን ወሰዱብኝ» አለኝ። እኔም እብድን እንደሚያባብሉት፥ «አይዞህ፥ ማንም ያንተን ነገር አይወስድም» አልሁት። ሁለተኛም ነገረኝ፤ ሦስተኛም ነገረኝ። እኔ ግን ወሬውን ወደ ክረምቱ አዞርሁት፤ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ጭቃው፥ ስለ ቤቴ ጣራ አወራሁለት። ተሰናብቼው ብድግ ስል ወደ ታች ተመለከትሁ። ሲሚንቶው ላይ ባዶ እግሩን ቆሟል።

አመጣልሃለሁ አልሁት። በሳምንቱም አርባ አንድ ቁጥር ጫማ ገዛሁ። ዳሩ ግን ትምህርት ተከፈተ፤ ከዚያ የፈተና ወረቀት መጣ፤ ከዚያ ልጄ ተዳረች። ጫማው ከነካርቶኑ ቁም ሣጥኔ ላይ ተቀምጦ፥ ባለቤቴ አቧራውን በጠረገች ቁጥር ታየኝ ነበር፤ እኔም ፊቴን ወደ መጽሐፌ እመልስ ነበር። ይዤለት የሄድሁት በመጋቢት ነው።

ካርቶኑን ከፍቶ አየው። አጠለቀው፤ ማሰሪያውንም ድሮ በአዳሪ ቤት እንዳስተማሩን በሥርዓት አሰረው። ቀና ብሎም፥ «ነግሬህ ነበር እኮ» አለኝ።

አሁን በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ እሄዳለሁ። ደብተርና እርሳስ ይዤለት እሄዳለሁ፤ የሒሳብ ጥያቄ እየጻፍን እንፈታለን፤ ዛሬም ይቀድመኛል።