«ራሴን አመመኝ» ማለት ስንፍና አይደለም

በአገራችን ራስ ምታት ከበሽታ የሚቆጠር አይመስልም። «ራሴን አመመኝ» ያለ ተማሪ ፈተና ፈርቶ ነው ይባላል፤ እንዲሁ ያለች የቤት እመቤት ሥራ ጠልታ ነው ትባላለች፤ ሕመሙ ሲደጋገምም ምች ነው፣ ዛር ነው፣ ዐይነ ጥላ ነው እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከዚህ አስተሳሰብ ጋር ነው።

ሐኪሞች ማይግሬን የሚሉት ሕመም የአንጎል በሽታ ነው። ብዙ ጊዜ የራስን አንድ ጎን ይዞ እንደ ልብ ትርታ እየመታ ይፈልጣል፤ ያቅለሸልሻል፤ ብርሃንና ጩኸት ያስጠላል፤ ካልታከመም ከ4 እስከ 72 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ኢትዮጵያ የታተመ ጥናት፣ ከመቶ አዋቂዎች 17 ወይም 18 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህ ሕመም እንደሚነሣባቸው ገምቷል። ሴቶችን ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ሰነፍ ልንለው ነውን?

ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ምክር «ኑሮህን አመዛዝን» የሚል ነው። ምክሩ ለባለጸጋ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ነገር ግን ፍሬ ነገሩ ገንዘብ አይጠይቅም። ማይግሬን ያለበት አንጎል ድንገተኛ ለውጥን አይወድም። እንቅልፍ ማጣትም ከልክ በላይ መተኛትም፣ ረሃብም፣ የውሃ ጥምም፣ የለመዱትን ቡና በድንገት መተውም ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ስለዚህ በአንድ ሰዓት መተኛት፣ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ ምግብንና ውሃን በጊዜው መውሰድ ይጠቅማል።

ይህን በላስታ ኑሮ ላይ አኑረን እንመልከተው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ጠዋት አቦል የለመደ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም ረሃቡና የቡናው መቅረት ተደርበው ይመጡበታል። ለገና በዓል ምእመናን ብዙ ቀን በእግር ተጉዘው፣ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ላሊበላ በብርቱ ፀሐይ ይውላሉ፤ ሌሊቱንም በማሕሌት ቆመው ያድራሉ። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ሥጋው፣ ጠላውና ጠጁ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ተሰበሰበ ማለት ነው።

እንዲህ ማለቴ ጾም ይቅር ለማለት አይደለም። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ቡናውን ከሦስት ስኒ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ማውረድ ይቻላል። ማታ ሽሮውን ወይም ምስሩን በሚገባ በልቶ፣ በቂ ውሃ ጠጥቶ መተኛት ይቻላል። ከማሕሌቱ በፊት ቀን ጥቂት ማረፍ ይቻላል። ቤተ ክርስቲያንም የታመመን ሰው በጾም አታስጨንቅም፤ ሕመሙ የጸናበት ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይምከር።

ነገር ግን ዋናው ቁም ነገር ገና ነው። ከሁሉ ቀድማ የምትነሣ፣ ውሃ ከወንዝ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ፣ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ የላስታ እናት «በጊዜ ተኚ» ብትባል ምክር ሳይሆን ፌዝ ነው። ሥርዓት ያለው ኑሮ ለእርስዋ የሚገኘው ባልና ልጆች ሸክሙን ሲካፈሉ ብቻ ነው። እኛም በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ብንሆን ያው ነው፤ ጓደኛችን ታሞ ሲተኛ መብራቱን ማጥፋትና ድምፅን ዝቅ ማድረግ ምን ይከብደናል? ለፈተና ሌሊቱን በቡና አንግቶ ቅዳሜን እስከ ቀትር መተኛትስ ጀግንነት ነውን?

የታመመም ሰው ደብተር ይያዝ፤ ሕመሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የበላውን፣ የተኛውን፣ ሴትም ከሆነች የወር አበባዋን ትጻፍ። በሁለት ሦስት ወር ውስጥ የራሱን ቀስቃሽ ሊለይ ይችላል።

መልካም ልማድ ሕመሙን ያሳንሰዋል እንጂ ሁልጊዜ አያጠፋውም። ማስታገሻ ክኒንም እንደ ቆሎ አይቆረጠምም። ፓራሲታሞልን ወይም ኢቡፕሮፌንን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የሚወስድ ሰው፣ ክኒኑ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ሕመሙ በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ከሆነ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መከላከያ መድኃኒቶች ስላሉ ሐኪም ይጠየቅ። በድንገት እንደ መብረቅ የመጣ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ ያለበት፣ አካልን የሚያሰንፍ ወይም ንግግርን የሚያውክ ከሆነ ግን ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ያስፈልጋል።

ለዕረፍት ወደየቀያችን ስንመለስ ይህን ለእናቶቻችንና ለእኅቶቻችን እንንገር። ከመንገርም አልፈን እንስራውን ወይም ጀሪካኑን ተቀብለን ወንዝ እንውረድ፤ የተማርነውም የሚታየው ያን ጊዜ ነው።