ቅነሳው ከላይ ይጀመር



በወረዳና በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ወረፋ ይዛችሁ ያጠፋችሁትን ጊዜ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ለንግድ ፈቃድ እድሳት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ለይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሄደ ሰው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይልህ አልተገኘም፣ ማክሰኞ ተመለስ» የሚሉትን መልሶች በቃሉ ይዟቸዋል። ማክሰኞ ሲመለስ ደግሞ በበሩ ጥግ የቆመ አንድ ጉዳይ ገዳይ ቀረብ ብሎ የጠፋው ፋይል በስንት ብር እንደሚገኝ ሹክ ይለዋል። በመሆኑም በየአዳራሹ ባደረግናቸው ውይይቶች ሁሉ ሳይነሳ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «እናንተ ብትመረጡ ይህን ሁሉ የመንግሥት ሠራተኛ ምን ልታደርጉት ነው? ለምን ግማሹን አታሰናብቱትም?»

ለዚህ ጥያቄ «እናሰናብተዋለን» ብሎ መመለስ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ያስገኛል። በፓርቲያችን ውስጥም ይህንኑ በማኒፌስቶው ላይ እናስፍር ያሉ አባላት ነበሩ። ሐሳባቸውም የሚናቅ አልነበረም። የመንግሥት ወጪ በዝቷል፣ ግብር ከፋዩ ተማሯል፣ አገልግሎቱ ግን አልተሻለም የሚል ነበር። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ውሳኔ ግን ሌላ ነው። በጅምላ ቅነሳ ስም የማንንም ድምፅ አንለምንም። የመንግሥት መዋቅር መቀነስ አለበት ብለን እናምናለን፤ ቅነሳው ግን ከላይ ወደ ታች መሄድ አለበት።

ለመሆኑ የመንግሥት ሠራተኛ የሚባለው ማን ነው? በአገራችን ቁጥሩ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ከሁሉም የሚበዛው መምህሩ ነው። ነርሷና አዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የግብርና ባለሙያው ይከተላሉ። አብዛኛውም ያለው በአዲስ አበባ ፎቆች ውስጥ ሳይሆን በየወረዳው ነው። በመስኮቱ ጀርባ ተቀምጦ የሚያመናጭቃችሁ ጸሐፊ የዚህ ሠራዊት ጥቂቱ ክፍል ነው። «ግማሹ ይውጣ» ሲባል፣ በአንድ ክፍል ከስልሳ በላይ ልጆች የሚያስተምረው መምህርም እዚያ ግማሽ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ጠያቂው ልብ አላለውም። እኛም እስክንቆጥር ድረስ በቅጡ ልብ አላልነውም ነበር።

ኑሮውንም እንይ። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዘይቱ፣ የመድኃኒቱና የታክሲው ዋጋ ተከትሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ደመወዝ ሁለት ጊዜ ተስተካክሏል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በመጀመሪያ ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው መደረጉን አንክድም። በ6,000 ብር በከተማ ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ፣ ልጅ አስተምሮ ወሩን መጨረስ ይቻል እንደሆነ ግን ሒሳቡን ለእናንተ እንተዋለን። ከዚህም ላይ 7 በመቶ ለጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። ጠዋት በፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ምሳ ዕቃውን በፌስታል አንጠልጥሎ የሚገባውን ሰው ተመልከቱት። ሁለት ጊዜ ዲግሪ ያለው ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ የሰው መኪና ይነዳል ወይም የቤት ለቤት አስጠኚ ነው። ይህን የምንናገረው ለጉቦ ምክንያት ለመስጠት አይደለም። በዚሁ ደመወዝ እየኖረ እጁን ያላቆሸሸ ብዙ ሺህ ሠራተኛ አለና፣ ጉቦኛውን በድህነቱ ይቅር ብንል ትልቁ በደል በዚህ ሰው ላይ ይሆናል።

ደመወዙን የጠየቀ ሠራተኛስ ምን ገጠመው? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ ባቆሙ ጊዜ ከመካከላቸው ለእስር የተዳረጉ ነበሩ። ሌሊቱን ሙሉ ታካሚ ሲንከባከብ የሚያድር ሐኪም ስለ ደሞዙ በመናገሩ እንደ ወንጀለኛ ሲቆጠር፣ የቢሮ ጸሐፊው ከዚህ ምን እንደሚማር መገመት አያዳግትም። ዝም ማለትን ይማራል።

አሁን ወደ ቅነሳው ጉዳይ እንመለስ። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኛውን «ማጥራት» አዲስ ነገር አይደለም። በኢሠፓ ዘመን የእድገት በር የሚከፈተው በአባልነት ደብተር ነበር። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 42 መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ፤ አገሪቱ ብዙ ገንዘብ አውጥታ ያስተማረቻቸው ምሁራን ነበሩ። በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ገደማ ቢ.ፒ.አር. የሚባለው የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ፣ ሠራተኛው በያዘው ወንበር ላይ እንደ አዲስ ተወዳድሮ እንዲመደብ ተደረገ። ያንን ጊዜ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው ስሙን በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲፈልግ የሚውልበት ወቅት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞቹንና አመራሮቹን ለብቃት ፈተና አስቀመጠ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1353/2017 የብቃት ምዘናን በሕግ አስገብቶታል።

የፈተና ጠላቶች አይደለንም። ሒሳብ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ካርታ ማንበብ የማይችል የመሬት ባለሙያ ቦታውን ለሚችል ይልቀቅ። በሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ የተቀጠረም ሆነ ያደገ ሰው ካለ፣ ቦታውን የነጠቀው ከእናንተ ልጅ ነውና ይጠየቃል። ጥያቄያችን ሌላ ነው። የፈተናውን ውጤት ይዞ ማን ይቆይ፣ ማን ይሂድ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ወሳኙ በፓርቲ የተሾመ፣ ነገ በፓርቲ የሚነሳ ኃላፊ እስከሆነ ድረስ፣ ፈተናው ያለፈውን ሁሉ አያስቀርም፣ የወደቀውንም ሁሉ አያስወጣም። ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ስለሚያውቅም ሥራውን ከማሻሻል ይልቅ ኃላፊውን ማስደሰት ይቀለዋል። አገልግሎት ፍለጋ ስትሄዱ የሚያጋጥማችሁ ፍርሃት የወለደው «አይቻልም» ከዚህ ይመጣል፤ መወሰን አደጋ ነው፣ አለመወሰን ግን ማንንም አስጠይቆ አያውቅም።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው። መዋቅሩ የወፈረው ከላይ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ኃላፊ፣ ምክትል ኃላፊዎች፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ አማካሪ፣ የአማካሪ ረዳት አለ፤ ለእያንዳንዳቸው መኪና፣ ሹፌር፣ ነዳጅ፣ የቤት አበል ይታሰባል። እናንተን የሚያስተናግደው መስኮት ግን አንድ ነው፤ እሱም ከሰዓት በኋላ ሠራተኛዋ ስብሰባ ስለተጠራች ይዘጋል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ከየትኛውም ፓርቲ በዕድሜ የሚበልጥ መሆኑን አንዘነጋም። ስለዚህም የሹመት ወንበር ቁጥር ራሱ መቀነስ አለበት እንላለን።

ይህ ሲሞከር አይተናል። በ2011 ዓ.ም. የሚኒስቴሮች ቁጥር ከ28 ወደ 20 ሲወርድ እኛም ደግፈን ነበር። በ2014 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 22 ተመለሰ። በክልል ደረጃ የሆነው ከዚህም ይበልጣል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ዛሬ አራት ክልል ነው። ሕዝብ ራሱን በራሱ የማስተዳደር መብቱን የመረጠበትን ውሳኔ አንነካም። ነገር ግን አራት ምክር ቤት፣ አራት ርዕሰ መስተዳድር፣ አራት እጥፍ ቢሮዎች ሲቋቋሙ ሒሳቡን ማን እንደከፈለው መጠየቅ ግድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ያሉ መምህራን ደመወዝ በጊዜው ሳይከፈላቸው ቀርቶ ቤተሰብ ለማስተዳደር መቸገራቸው የአደባባይ ምስጢር ነበር።

የሌላውን አገር ልምድም መርምረናል። ዩጋንዳ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ መሆኑ ነው) 320,000 ገደማ የነበረውን የመንግሥት ሠራተኛ ቁጥር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ግማሽ አወረደች። ይህን ስታደርግ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቿንም ከ38 ወደ 21 ቀንሳለች። ከደመወዝ መዝገቡ ከወጡት ውስጥ ብዙዎቹ በሕይወት የሌሉ ወይም መቼም ያልነበሩ፣ በስም ብቻ ደመወዝ የሚበላባቸው ነበሩ። እዚህ ላይ ልንማር የሚገባን ነገር አለ። ዩጋንዳ ግን በኋላ የወረዳዎቿን ቁጥር ደጋግማ ስላበዛች የሹመኛው ቁጥር እንደገና አበጠ። የአሜሪካው ደግሞ የቅርብ ጊዜ ነው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በዋሽንግተን በችኮላ የተጀመረው ቅነሳ የኑክሌር ጦር መሣሪያ ደኅንነት የሚጠብቁ ሠራተኞችን ሳይቀር አሰናብቶ፣ በቀናት ውስጥ «ተመለሱ» እያለ ሲያፈላልጋቸው ዓለም ታዝቧል። ያው መጥረቢያ የእርዳታ ገንዘቡን ሲቆርጥ፣ በእኛ አገር የ5,000 የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። ሳይቆጥሩ መቁረጥ ማንን እንደሚያቆስል ለማየት ባሕር መሻገር አላስፈለገንም።

ስለዚህ ከተመረጥን የመጀመሪያው ሥራችን መቁጠር ነው። በእያንዳንዱ የደመወዝ መዝገብ ላይ ያለው ስም በአካል ካለ ሰው ጋር እንዲመሳከር እናደርጋለን፤ ውጤቱንም በየወረዳው በግልጽ እንለጥፋለን። ከዚያ የሹመት ቦታዎችን እንቀንሳለን፤ የአማካሪነትና የምክትልነት ወንበሮች በሕግ ገደብ ይበጅላቸዋል። ከሚኒስትርና ከቢሮ ኃላፊ በታች ያለ ቦታ ሁሉ በውድድር እንጂ በፓርቲ ምደባ አይያዝም። የማንኛውም ፓርቲ ስብሰባ፣ የእኛም ጭምር፣ በመንግሥት የሥራ ሰዓትና በመንግሥት አዳራሽ አይካሄድም። የተደራረበ የድጋፍ ሥራ ባለበት ቦታ ቅነሳ ይኖራል፤ እሱም በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ የሚወጡትን ባለመተካትና ሠራተኛ ወደጎደለበት በማዛወር ይፈጸማል። አንድ ሠራተኛ ይሰናበት ከተባለ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ ይግባኙንም ከአስፈጻሚው አካል ነፃ የሆነ ዳኛ ይሰማዋል። ጉቦ ሲቀበል የተያዘ ግን ዝውውር የሚባል መሸሸጊያ አይኖረውም። እስከ ዛሬ ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው እየተዛወረ ሲበላ የኖረ ስንት አለ!

ለባለጉዳዩም መብት አለው። በ2017 ዓ.ም. የተከፈተውን መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ገዥው ፓርቲ ስለጀመረው ብቻ አናፈርሰውም፤ ጥሩ ጅምር ነው፣ እናስፋፋዋለን። በየመስኮቱ ጉዳዩ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ይጻፋል፤ «አይቻልም» የተባለ ባለጉዳይም የከለከለው ሰው ስምና ምክንያት ያለበት ወረቀት ይዞ ይወጣል።

ይህ መንገድ አዝጋሚ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከበጀቱ ብዙ ገንዘብ አይተርፍም፤ ከሹመኛው የሚገኘው ቁጠባም ሁሉንም ቀዳዳ አይደፍንም። «ነገ ጠዋት ግማሹን እናባርራለን» የሚል ተወዳዳሪ ከእኛ ቀድሞ ሊያስጨበጭብ ይችላል። ለሚለው ሰው አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፤ ስንት ምክትሎች ይኖሩሃል በሉት።

በመጨረሻ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆናችሁ መራጮች አንድ ነገር እናስታውቅ። ወደ ስብሰባዎቻችን ለመምጣት የምትፈሩ ብዙዎች መኖራችሁን እናውቃለን፤ መታየታችሁ እንጀራችሁን ሊያሳጣችሁ እንደሚችል ስለምታስቡ አንፈርድባችሁም። ስብሰባዎቻችን ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው የሚካሄዱት። በር ላይ ስም አንመዘግብም፣ ፎቶግራፍ አናነሳም፣ አባል ሁኑም አንላችሁም። ስለ መሥሪያ ቤታችሁ የምታውቁትን ያለ ስም ጽፋችሁ የምትከቱበት ሳጥን በየአዳራሹ መግቢያ ተቀምጧል።