«ቲቸር፣ እየወደቀ ለምን ይስቃል?»

ባለፈው እትም ልጆቻችሁን በክፍልፋይ ሒሳብ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትረዷቸው ልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር። እሱ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ሰሞኑን ውሃ ወረፋ ላይም፣ ስልክ ቻርጅ የሚደረግበት ሱቅ በር ላይም ወሬው ሁሉ ከውሃ ታንከሩ ማማ ላይ ሸራ ይዞ ስለዘለለው ልጅ ነውና እኔም ስለሱ መጻፍ አለብኝ።

ልጁ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ስሙን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልጠቅሰውም። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሚሆን ያረጀ ሸራ ቆርጦ፣ አራቱን ጫፍ በሲባጎ አስሮ፣ ሲባጎውን በብብቱ ሥር አዙሮ፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከሚሆነው የብረት ማማ ላይ ዘለለ። ግራ ክንዱ ተሰብሯል፤ ነፍሱ ስለተረፈች ፈጣሪ ይመስገን። ለዚህ ያነሳሳው ዱባይ ያለ ዘመድ ለአንዱ ልኮለት ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተው አጭር ፊልም ነው። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ባለቀለም ልብስ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች ከአውሮፕላን ወጥተው፣ ጭንቅላታቸውን ወደ መሬት እግራቸውን ወደ ሰማይ አድርገው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወርዳሉ። ከሥራቸው ባሕር ላይ በዘንባባ ቅርጽ የተሠራው ደሴት ይታያል። እነሱም ይስቃሉ።

አንዲት እናት ፊልሙን ወረፋ ላይ አይተው «ለዚህ ደግሞ ገንዘብ ይከፈላል?» ብለው ጠየቁ። አዎን፣ ያውም ብዙ፣ አልናቸው። «እኛ ሳንከፍል ወድቀን የለም እንዴ!» ሲሉ ጀሪካን የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ወላጆች «ስልክ ነው ልጆቻችንን ያበላሸው» እያሉ ነው። እኔ ግን ከስልኩ በፊት ራሴን መውቀስ አለብኝ። ሐሙስ ዕለት በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይኸው ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ እየወደቀ ለምን ይስቃል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ደወሉ ተደወለና «ነገ እነግርሃለሁ» አልኩት። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ትምህርት የለም። ልጁ የዘለለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፍ ለሱ ያልሰጠሁት መልስ ነው፤ እናንተም አብራችሁ አንብቡት።

ፊልሙ ላይ ያያችሁት ነገር ፍሪፍላይ ይባላል። በእኛ አነጋገር ነፃ በረራ ልንለው እንችላለን። ከአውሮፕላን የሚዘል ሰው በተለመደው መንገድ ሲወርድ እንደ እንቁራሪት እጅና እግሩን ዘርግቶ፣ ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ ነው። በዚህ ዓይነት ሲወርድ ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ፍሪፍላይ የሚሠሩት ግን በአናታቸው ቁልቁል፣ ወይም ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ወይም በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ሆነው ነው የሚወርዱት። የሰውነታቸው ገጽ ለአየሩ ስለሚጠብበት ፍጥነታቸው 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። እዚህ በዶካ በኩል ወደ መተማ ከሚያልፈው አውቶቡስ ጋር አስተያዩት፤ ሦስት እጥፍ ቢሆን ነው።

ታዲያ ምኑ ያስቃል? አንደኛ ነገር፣ መውደቅ እንደመውደቅ የሚሰማን ፍጥነታችን በየቅጽበቱ ሲጨምር ነው። መኪና ጉብታ ላይ ወጥቶ ድንገት ሲወርድ ሆዳችን ውስጥ የሚሰማንን ታውቁታላችሁ። ከከፍታ የወደቀ ሰው ግን የመጀመሪያዎቹ አሥር፣ አሥራ ሁለት ሴኮንዶች ካለፉ በኋላ አየሩ ከታች የሚገፋው ኃይልና መሬት የምትስበው ኃይል እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ አይጨምርም። ያ የሆድ ስሜት ይጠፋል። የቀረው ኃይለኛ ነፋስ ላይ ተደግፎ የመተኛት ያህል ነው። አብረውት የሚወርዱት ጓደኞቹም በእኩል ፍጥነት ስለሚሄዱ አጠገቡ ቆመው የሚያወሩት ነው የሚመስለው። ሁለት አውቶቡሶች ጎን ለጎን በእኩል ሲሄዱ ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እጅ ሊጨባበጡ እንደሚችሉ ዓይነት።

ሁለተኛውን ደግሞ ራሳችሁ ሞክራችሁታል። ከገዳሪፍ ወደ ዶካ በመኪና ስትመጡ እጁን በመስኮት ያላወጣ ማን አለ? መዳፋችሁን ትንሽ ቀና ስታደርጉት ነፋሱ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ደፋ ስታደርጉት ወደ ታች ይጫነዋል። ፍሪፍላይ የሚሠራ ሰው መላ ሰውነቱ ያ መዳፍ ነው። ትከሻውን ቢያዞር ይሽከረከራል፣ እግሩን ቢከፍት ፍጥነቱን ይቀንሳል። አየር ባዶ ነው የምንለው እኛ መሬት ላይ ስለቆምን ነው፤ በዚያ ፍጥነት አየሩ እንደ ውሃ ይጨበጣል። ሥጋ ከእጃችን የሚነጥቀውን ጭልፊት አስተውሉት። ክንፉን ሰብስቦ ቁልቁል ይወረወራል፤ መሬት ሊደርስ ሲል ክንፉን ዘርግቶ ይነሳል። አባ ኮዳም ቄራው አጠገብ ሲያርፍ እግሩን ዘርግቶ አየሩን እንዴት እንደሚረግጠው አይታችኋል። ሰው እንግዲህ ይህንን ያለ ክንፍ ልሞክረው ብሎ ነው።

ስፖርቱ የቆየ አይደለም። ጀማሪው ኦላቭ ዚፕሰር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እሱና ጓደኞቹ በሆድ መውደቁ ሰልችቷቸው በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሁሉም አቅጣጫ መውረድን እንደ አንድ የበረራ ዘርፍ አቋቋሙት። ፓራሹቱ ራሱ ግን ሽማግሌ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋርነሪን ከፊኛ ላይ ፓሪስ ከተማ ውስጥ የዘለለው በ1797 ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ታሪክ አለ። ሁበርት ጁሊያን የሚባል በትሪኒዳድ የተወለደ ጥቁር አብራሪ ነበር። በ1923 ኒውዮርክ ውስጥ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ላይ በፓራሹት ዘልሎ ስሙ ገነነ። በ1930 አዲስ አበባ መጥቶ፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባሉት ንጉሥ ፊት ከአውሮፕላን ዘለለ። ሰው ከሰማይ ወርዶ በእግሩ ሲቆም ያየው የአዲስ አበባ ሕዝብ ምን እንዳለ መገመት ነው። ንጉሡ ተደስተው የኮሎኔልነት ማዕረግና ዜግነት ሰጡት። ከንግሥናው በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ ግን የንጉሡን ምርጥ አውሮፕላን አስነስቶ ከሰከሰውና ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ዝላዩ አሾመው፣ በረራው አሻረው።

ከዚያ በኋላ በንጉሡ ዘመን ደብረ ዘይት ላይ የአየር ወለድ ጦር ተቋቋመ። በዚያ ጦር ውስጥ ያገለገሉ አንድ አባት እዚሁ በእኛ ሰፈር ይኖራሉ። ልጁ የወደቀ ዕለት ማታ ሄጄ አጫወትኳቸው።

«ጋሼ፣ ፊልሙን እንዴት አዩት?» አልኳቸው።

«መምህር፣ እኛ እንዲህ አልዘለልንም» አሉኝ። «የእኛ ዣንጥላ በመንጠቆ ነው። ገመዱ አውሮፕላኑ ውስጥ ሽቦ ላይ ይታሰራል፣ አንተ ስትወጣ እሱ ይከፍትልሃል። እነዚህ ግን ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱት። ረስተው ቢዘናጉስ?»

ከዚያ ደግሞ እንዲህ አሉ፦ «እኛን መጀመሪያ ያስተማሩን መዝለል እንዳይመስልህ፤ መውደቅ ነው። እግር ግጠም፣ ጉልበት እጠፍ፣ በጎንህ ተንከባለል። ስንት ሳምንት አፈር ላይ ስንንከባለል ከረምን! አውሮፕላን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።»

ረስተው ቢዘናጉስ ያሉት ነገር የዚህ ስፖርት ዋናው ጭንቅ ነው። ዘላዮቹ ብዙውን ጊዜ ከአውሮፕላን የሚወጡት 4 ሺህ ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአናት ሲወርዱ በአንድ ሴኮንድ 70 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እጃቸው ላይ የታሰረውን የከፍታ መለኪያ እንደልብ ማየት ስለማይችሉ የራስ ቁራቸው ውስጥ እየጮኸ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ያደርጋሉ። ራሱን ስቶ ወይም ተዘናግቶ መሬት የቀረበ እንደሆነም፣ ከመሬት 225 ሜትር አካባቢ ሲደርስ መጠባበቂያ ፓራሹቱን በራሱ የሚከፍት ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ሲፕረስ የሚባለው እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1991 ከጀርመን ከወጣ ወዲህ የብዙ ሰው ሕይወት ተርፏል።

ሌላው አደጋ ጓደኛ ነው። በአናቱ ሲወርድ የነበረ ሰው ሚዛኑን ስቶ ድንገት በሆዱ ቢዘረጋ ፍጥነቱ ወዲያው ይቀንሳል። ከበላዩ ያለው ግን በዚያው ፍጥነት ይመጣበታል። የሁለቱ ልዩነት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው፤ በመኪና የመገጨት ያህል ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ፓራሹቱ ያለጊዜው ቢከፈት ነው። በዚያ ፍጥነት ሲከፈት ጨርቁን ሊቀድ፣ የሰውየውንም አንገት ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ የቦርሳው ክዳንና ማሰሪያ ሁሉ በነፋስ እንዳይነሳ ሆኖ ይሠራል፤ ከመዝለላቸው በፊትም አንዱ የሌላውን ማሰሪያ ይፈትሻል።

እዚህ የሚደረሰውም ቀስ በቀስ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያውን የዘላይነት ፈቃድ ለማግኘት ብቻ ቢያንስ 25 ጊዜ መዝለል ያስፈልጋል። በአናት መውረዱን ደግሞ ብዙዎቹ የሚለማመዱት መሬት ላይ ነው፤ ከታች በትልቅ ማራገቢያ ነፋስ ወደ ላይ የሚነፋበት ረጅም ክፍል አለ፣ እዚያ ውስጥ ሲንሳፈፉ ይውላሉ። ፊልሙ ይህን ሁሉ አያሳይም። ሳቁን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አሁን ወደ ሸራው። ልጁን ሞኝ ያላችሁት ሰዎች ተሳስታችኋል። በክረምት ነፋሱ ሸራ ጣሪያችንን ከነእንጨቱ ነቅሎ ሲወስደው በዓይኑ አይቷል። ሸራ በአየር ላይ ኃይል እንዳለው ያውቃል፤ ልክ ነው። የጎደለው ቁጥሩ ነው፤ ቁጥሩን መስጠት ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

ልጁ 35 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የያዘው ሸራ 4 ካሬ ሜትር ነው። ሸራው ሙሉ በሙሉ ቢዘረጋለት እንኳ የሚያወርደው በሴኮንድ ወደ 13 ሜትር በሚሆን ፍጥነት ነው። ያለ ምንም ሸራ ከ4 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው ደግሞ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሴኮንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። እዩት እንግዲህ፤ ሸራው ሊይዘው ከሚችለው ፍጥነት ላይ ሳይደርስ መሬት ቀደመችው። የወታደር ፓራሹት ግን ከዳር እዳር 10 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሆኖ ሰውን በሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ያወርደዋል፤ ይህም ወደ ሁለት ሜትር ከሚጠጋ አጥር ላይ የመዝለል ያህል ነው። ጋሼ ሲንከባለሉ የከረሙት ለዚህ ነው። ጊዜውንም አስሉት፦ ከማማው እስከ መሬት ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ ነው። ደህናው ፓራሹት እንኳ ተዘርግቶ እስኪሞላ ሁለት፣ ሦስት ሴኮንድ ይፈልጋል።

አንድ ሌላ ተማሪ ደግሞ፣ አያቱ ነግረውት ይመስለኛል፣ «በ77ቱ ድርቅ ጊዜ እህል ያለ ፓራሹት ከአውሮፕላን ይጣል አልነበረም?» ብሎኛል። እውነት ነው። የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ላይ በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ይጥሉ ነበር። እህሉ ግን በተደራረበ ከረጢት የታሸገ ነው፤ አጥንትም የለው። ቢፈስ ይለቀማል።

ልጁን ማክሰኞ ጠይቄው ነበር። ክንዱ ታስሮ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ይህንን ሁሉ ቁጥር አፈር ላይ በእንጨት ጽፌ አሳየሁት። ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ቲቸር፣ 20 ካሬ ሜትሩን ሙሉውን ሸራ ብይዝስ ኖሮ?» አለኝ። እናቱ ማማሰያ አነሱ።

እኔ መልሱን በተግባር ላሳየው አስቤያለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ፣ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ አንድ ፌስታል፣ ክርና እንቁላል የምታክል ድንጋይ ይዛችሁ ኑ። ፌስታሉን በተለያየ ስፋት እንቆርጣለን፤ ድንጋዩ እየታሰረ ይጣልና መሬት እስኪደርስ ያለውን ጊዜ እንመዘግባለን። መሰላሉ ላይ ወጥቶ የሚጥለው አንድ አዋቂ ሰው ብቻ ነው፤ ጋሼ ከታች ሆነው ሊያዝዙ ፈቃደኛ ሆነዋል። ወላጆችም ብትመጡ ደስ ይለናል። ሴኮንድ የሚቆጥረው ያው ልጅ ነው፤ ለሰዓት አንድ እጅ ይበቃዋል።

ክፍልፋዩን በሚቀጥለው እትም። ቸር ይግጠመን።